«አርፋለች» በይ

ሰኞ፣ ጥር 6

ዛሬ ዶክተሩ «ከእንግዲህ ነጻ ነዎት» አለኝ። ግራ ጡቴን ከወሰዱ፣ ፀጉሬን ካረገፉ፣ ቆዳዬን በጨረር ከጠበሱ በኋላ በነጻ አሰናበቱኝ። ወዲያው ግን ከመሳቢያው አንድ ጥቁር የእጅ ማሰሪያ አወጣ። እርምጃ ይቆጥራል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ከተቀመጡ ደግሞ ይጮኻል። ፈትቶኝ ሳያበቃ ካቴና አጠለቀልኝ።

«አሁን ዋና ጠላትዎ መቀመጥ ነው» አለ። እሱ ራሱ እኔ ከገባሁ ጀምሮ ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም።

«በቀን ስንት ሰዓት ይቀመጣሉ?»

«አልቆጠርኩም።»

«አስራ አንድ» አለች ታናሼ ከጎኔ። ደብተር ይዛ ነው የመጣችው። አስተማሪ አይደለች፤ ለካስ የእኔን መቀመጥ እንደ ቀሪ ተማሪ ስትመዘግብ ከርማለች።

እኔ ሠላሳ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ነበርኩ። አሁንም ነኝ፣ ወንበሬን ካልሰጡብኝ። ሌላው የጻፈውን ቁጭ ብሎ ማንበብ፣ ስህተቱን መልቀም፣ በቀይ ማስመር። ቆሞ የሚያርም አራሚ ያየ ካለ ይጥራኝ። መቀመጥ ሙያዬ ነው፤ ለዶክተሩ ይህን ብነግረው «ሙያዎን ይቀይሩ» ይለኝ ነበር።

ስንወጣ ታናሼ ወደ ኋላ ቀረት ብላ «ብቻዋን መኖር ትችላለች ማለት ነው?» ስትለው ሰማሁ። ጡቴን እንጂ ጆሮዬን አልቆረጡኝም። ነገሩ ሹፌሩ ነው። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ይነዳል፤ ታናሼን ሊያገባ ይፈልጋል፤ መሥሪያ ቤቱ ወደ ሌላ ከተማ አዛውሮታል። እዚያ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ታናሼን ሊቀጥራት እስከ መጋቢት መጨረሻ ይጠብቃታል። «አንቺ ሲሻልሽ እናያለን» ነው ያለችኝ። ሰሙን ገፍፌ ወርቁን ማየት አያቅተኝም። እኔ በሁለት እግሬ የቆምኩ ቀን እሷ ትሄዳለች።

ረቡዕ፣ ጥር 8

ማሰሪያው ዘጠኝ ጊዜ ጮኸ። ታናሼ ሥራ ላይ። በካልሲ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። መሳቢያው ጮኸ።

ቅዳሜ፣ ጥር 11

ዛሬ ደግሞ ሮዝ ኮፍያ ያደረጉ ሴቶች ሦስት ፎቅ ወጥተው መጡብኝ። «ከካንሰር የተረፉ ሴቶች የእግር ጉዞ ማኅበር» ይባላሉ። እኔ እስከማውቀው የሚተርፈው ከማዕድ ነው። ማታ ተሞቆ የሚቀርብ ነገር ሆነናል ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው አንዷ ብቻ ሳቀች። የተቀሩት በሐዘኔታ አዩኝ፤ እሱን ነው የማልወደው።

መሪያቸው ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። በልቤ «ጄኔራሏ» ብያታለሁ።

«እህቴ፣ እኔ ሁለቱንም ነው ያስወጣሁት» አለች ደረቷን እየመታች፤ «ግን ይኸው በቀን አስር ሺህ እርምጃ እሄዳለሁ!»

«እንግዲያው የእኔ አምስት ሺህ ነው» አልኳት።

«እንዴት?»

«እኔ ያስወጣሁት አንዱን ነዋ።»

ፊሽካዋን ነፋች። ቤት ውስጥ! ተሰልፈው ወረዱ። ከመስኮት ሳያቸው ክንዳቸውን እያወናጨፉ፣ እርስ በርስ «በርቺ! በርቺ!» እየተባባሉ ይሄዳሉ። ሞት የሚያሳድዳቸው በእግሩ ይመስል።

ታናሼ ሳህን እያጠበች ዝም አለችኝ። ዝምታዋ ከፊሽካው ይብሳል።

ሐሙስ፣ ጥር 16

ወጌሻዋ መጣች፤ ክንዴን የምታላውሰው ልጅ። ግድግዳ ላይ ጣቶቼን እንደ ሸረሪት አስወጣችኝ። ግራ እጄ ትከሻዬ ላይ ሲደርስ እምቢ አለ። ከዚያ ወደ ጭኔ ዞረች።

«ሥጋው የት ሄደ? እግር ካልተሠራበት እኮ ይከዳል» አለች።

«ከእግር በፊት ስንት ነገር ከድቶኛል» ብዬ ጮህኩባት። ልጅቷ ጥፋት የለባትም። ዓይኗ ውኃ ሲሞላ አየሁና የባሰ ተናደድኩ። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ደረጃው ላይ ከጡረተኛው ጎረቤታችን ጋር ስታወራ ሰማኋት። «ድናለች እኮ» ትለዋለች። እሱም «ታዲያ ምን ትጠብቃለች?» አላት።

ደርሶ ፈላስፋ! ሰማንያ ዓመት ሞልቶት እሱስ ምን ይጠብቃል?

ሰኞ፣ ጥር 20

ከማተሚያ ቤት ተደወለ። ታናሼ አንስታ «ተኝታለች» ስትል ሰማሁና ስልኩን እስክትዘጋ አልጠበቅኩም።

«ምን ማለትሽ ነው? ተኝታለች ስትያቸው ሆስፒታል የገባሁ ይመስላቸዋል። ሥራ አስኪያጁ ወንበሬን ለሌላ ለመስጠት ሰበብ ነው የሚፈልገው።»

«እና ምን ልበል?»

«አርፋለች በይ። ዕረፍት ላይ ያለ ሰው አርፏል ነው የሚባለው።»

ጆሮዋን አከከች። «እትዬ፣ ትንሽ አይከብድም?»

«ቃሉ ትክክል ነው። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል።»

ለአስተማሪ ቋንቋ የማስተምር እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 30

ሹፌሩ ሊጠይቀኝ መጣ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ፍሬን ሊይዝ እንደተዘጋጀ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ሰው ነው፤ ለእሱ ግን ማንም ማሰሪያ አላሰረለትም። «እትዬ እንዴት ነዎት፣ ተሻለዎት?» ይለኛል በየደቂቃው። ተሽሎኛል ብለው ከኪሱ የመንገድ ትኬት የሚያወጣ ነው የሚመስለው።

ብርጭቆ ላመጣ ብድግ ስል ጉልበቴ ተያዘ። ታናሼ ሮጣ ብብቴን ይዛ አነሳችኝ። ሹፌሩ ወለሉን አየ። ሲወጣ በሩ ላይ በዝግታ «እንዲህ ሆና እንዴት ትተያታለሽ» ሲላት ሰማሁ።

ለነገሩ ጉልበቴ ያን ያህል እንኳ አልተያዘም ነበር። ይህን ለምን እንደምጽፈው አላውቅም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

ዳሌዬን አመመኝ። ውኃ ለመጠጣት ተነስቼ ነው። ቀኑን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ነው። ከተነሳሁ ያመኛል፤ ካመመኝ ያ ነገር ተመልሷል ማለት ነው። ካልተነሳሁ አያመኝም። ዶክተሩ ይህን ቀላል ሒሳብ አያውቅም።

ለታናሼ አልነገርኳትም። ሻንጣ ስታራግፍ አገኘኋት። «አቧራ ይዞት ነው» አለች።

ረቡዕ፣ የካቲት 13

ከየት ልጀምር። ዛሬ ሞቻለሁ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወንበሬ ላይ አሸልቤ ነበር። የማተሚያ ቤቱ ጸሐፊ ደወለች። ታናሼ ጫማዋን እያሰረች፣ ክፍለ ጊዜ እየረፈደባት፣ እንዳስተማርኳት «አርፋለች» አለቻትና ዘግታ ወጣች። አንድ ቃል። አልጨመረች፣ አልቀነሰች።

አራት ሰዓት ላይ በመስኮት ሳይ የማተሚያ ቤቱ መኪና ቆመች። ሦስት ሰው ወረደ፤ ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። ሥራ አስኪያጁ፣ ጸሐፊዋ፣ ጠራዧ። ጡረተኛው ሞተ ብዬ አዘንኩ። የእኛ ሰዎች ከየት እንደሚያውቁት ግን ገርሞኝ ነበር። ደረጃውን እያለከለኩ ወጡ። ደጃፌ ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸውን ለመሰብሰብ ቆሙ፤ እኔም ከበሩ ጀርባ ጆሮዬን ሰጠሁ።

«ድናለች ብለውን አልነበር?» ትላለች ጸሐፊዋ፣ እየተነፋረቀች።

«ከዳነች በኋላማ ከወንበር አልተነሳችም አሉ» አለች ጠራዧ። «አፏ መርዝ ነበር፤ ነፍሷን ይማረውና። ግን ነጠላ ሰረዝ አታልፍም ነበር።»

«ስለ ወንበሯ ዛሬ አናንሳ» አለ ሥራ አስኪያጁ። ማንም አላነሳም እኮ!

ከፈትኩት። ጠራዧ ጮኻ ደረጃው ላይ ዘፍ አለች። ጸሐፊዋ ግድግዳውን ያዘች። ሥራ አስኪያጁ አፉን ከፍቶ «ነፍስ ይ...» ብሎ ቀረ።

«ይማር» አልኩት፤ «ጀምረህ አትተወው።»

እጁ ላይ የሐዘን መግለጫ ይዟል። ባለ ጥቁር ጠርዝ፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ። አንድ ደብተር ለማተም ሦስት ወር የሚፈጅባቸው ሰዎች እኔን በሁለት ሰዓት አትመው ጨርሰዋል። ተቀበልኩትና አነበብኩት። «ባልደረባቸን» ይላል። «አርፈዋል» ብሎ በአንቱታ ይጀምርና «ለቤተሰቦቿ» ብሎ ይጨርሳል። መጽናናትን በማለት ፈንታ «መጽናትን እንመኛለን» ይላል። በአራት መስመር ሦስት ስህተት! ከጠረጴዛው ቀይ እርሳስ አንስቼ እዚያው በቁሜ አረምኩላቸው። ያለ እኔ ይኸው ናቸው።

ይህን እያደረግኩ ታናሼ በሩ ላይ ደረሰች። ሥራ አስኪያጁ ለካ ለትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር ደውሎ በእሱ በኩል አርድቷታል። ጣቶቿ ላይ ጠመኔ አለ። ትምህርት ቤቷ ከዚህ በእግር ግማሽ ሰዓት ነው፤ በሩጫ ነው የመጣችው። ጥቁር የለበሱትን አየች፤ እኔን አየች፤ እርሳሱን አየች።

«ቆመሻል» አለችኝ።

አላቀፈችኝም። ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ ቧንቧው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማሁ። ከደስታ የተነሳ እያለቀሰች ነው ብዬ ለእንግዶቹ ነገርኳቸው።

ቃሉ የእኔ ነው። እሷ አይከብድም ወይ ብላኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት የሰው ስህተት ስለቅም ኖሬ የራሴን በእህቴ አፍ አሳተምኩት።

ዓርብ፣ የካቲት 15

ታናሼ ዝም ብላለች። ክፉ ዝምታ አይደለም። ሳልጠይቃት ውኃ ታመጣለች፣ ትራስ ታስተካክላለች። ማሰሪያውን ከመሳቢያ አውጥታ «ይቅርብሽ፣ አያስጨንቅሽ» ብላ የሆነ ቦታ ደበቀችው። ተነሺ፣ ተንቀሳቀሺ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም።

በመጨረሻ ገባት ማለት ነው።

እሑድ፣ የካቲት 24

ጄኔራሏ በር ላይ መጥታ ነበር፤ ታናሼ «ተዉአት፣ እንዳሻት ትሁን» ብላ መለሰቻት። ከሰዓት በኋላ ሳፋና የውኃ ማሰሮ አምጥታ እግሬን ልታጥበኝ ተንበረከከች። እኔም ለጨዋታ ያህል «እንዲህ የሚታጠበው ሬሳ ነው» አልኳት። ማሰሮው ከእጇ አመለጠ፤ ወለሉ ሁሉ ውኃ ሆነ። ስትወለውል ቀና ብላ አላየችኝም።

እንክብካቤ ይህን ያህል እንደሚያስጠላ አላውቅም ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 27

ሹፌሩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ድምፁ ጠፋ።

«ምነው፣ መንገድ ጠፋበት እንዴ?» አልኩ።

«አትጠብቀኝ አልኩት።» ድንች እየላጠች ነው የምትነግረኝ። «ለትምህርት ቤቱም ጻፍኩላቸው። እዚሁ ነኝ።»

«ማን አስገደደሽ?»

«ማንም።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጥር ላይ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ እዚህ ደብተር ላይ ለማን ብዬ እዋሻለሁ። ሹፌሩን ስንቀው የከረምኩት ስለሚንቀለቀል አይደለም፤ ደህና ሰው ስለሆነ ነው። አሁን ታናሼ ቀርታልኛለች፤ ወንበሬም አለ፤ መስኮቱም አለ። ምሳዬን አልበላሁም። አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ድንቹን ስትልጥ ልጣጩን በጣም አሳሳችው፤ እናታችን እንዲህ የምትልጠው ስትናደድ ነበር።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 7

ታናሼ ገበያ ስትወጣ ጫማዬን አደረግኩ። እስከ መንገዱ ወርጄ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። አጥር ጋ ቆሜ ልጠብቃት፣ «ይኸው፣ ሂጂ» ልላት።

አስራ ስምንት ደረጃ ወረድኩ። በአስራ ዘጠነኛው ጉልበቴ እንደ ጨርቅ ታጠፈ። የዛሬው የእውነቱ ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቅ መካከል ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ፤ ወደ ላይም ወደ ታችም መሄድ አቃተኝ። ጡረተኛው ጎመኑን ተሸክሞ እየወጣ መጣ። ሰማንያ ዓመት፣ ሦስት ፎቅ፣ ትንፋሹም አልተቆረጠ።

«ልያዝዎት?»

«እያረፍኩ ነው» አልኩና ቃሉን ስሰማው ምላሴን ነከስኩ።

እሱ እጄን ሊይዝ ሲል ታናሼ ከታች መጣች። ዘንቢሏን ጥላ ብብቴ ውስጥ ገባችና አወጣችኝ። ወንበሬ ላይ አስቀመጠችኝ። ከዚያ ፈነዳች።

«ማን ውረጂ አለሽ? ልቀመጥ አልሽ፣ ተቀመጪ! እኔ እኮ ቀርቻለሁ! ሌላ ምን ላድርግልሽ?»

«ለምን ቀረሽ?»

«በቃ ቀረሁ።»

«ከሞትኩበት ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነሻል። ለምን?»

መሬቱን እያየች ጀመረች።

«ዳይሬክተሩ ሲነግረኝ ጮህኩ። እያለቀስኩ ነው የሮጥኩት፤ እውነቴን ነው እትዬ። ድልድዩ ጋ ስደርስ ግን...»

«ድልድዩ ጋ ስትደርሺ ምን?»

«የቱን ሻንጣ እንደምወስድ እያሰብኩ ነበር።»

ከታች ልጆች ኳስ ይመታሉ። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«እያለቀስኩ እኮ ነው ያሰብኩት! ከዚያ በሩን ስከፍት፣ ቆመሽ ሳይሽ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ...»

«አትጨርሺው» አልኳት።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያልተሟላ ዓረፍተ ነገር አሳለፍኩ። ያችን ምስኪን እዚያ ድልድይ ላይ ያደረስኳት እኔ ነኝ። ለዓመት ያህል ወንበር ላይ ተጎልቼ እህቴ ሞቴን እስክትመኝ ጠብቄአለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ስለተመኘች ራሷን እስክትቀጣ። ካንሰሩ እንኳ የወሰደው የእኔን ነው።

«ሹፌሩ የመጣ ቀን» አልኳት፣ «ብርጭቆውን ማምጣት እችል ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች።

ታውቅ ነበር! ከዚያ ጠየቅኳት።

«የቱን?»

«ምኑን?»

«ሻንጣውን። የቱን አሰብሽ?»

አፍንጫዋን ጠረገች። «ትልቁን።»

«የትልቁ ዚፕ ተበላሽቷል።»

«አውቃለሁ። ድልድዩ ጋ እሱም ትዝ ብሎኝ ነበር።»

ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላስታውስም። አስቀያሚ ሳቅ ነበር፣ አፍንጫችን እየፈሰሰ።

እሑድ፣ መጋቢት 8

ታናሼ ስትታጠብ ለሹፌሩ ደወልኩ።

«ሟቿ ነኝ» አልኩት።

«እትዬ! እኔ እኮ እንደሰማሁ ልመጣ...»

«ልመጣ፣ ላስብ፣ ልጠይቅ ተወው። ትጠብቃታለህ ወይስ አትጠብቃትም?»

«እሷ ናት እኮ አትጠብቀኝ ያለችኝ። እኔማ አሁንም...»

«አሁንም ምን? ጨርሰው!»

«እጠብቃታለሁ።»

«ለትምህርት ቤቱም ሄደህ ንገራቸው፤ የጻፈችው ደብዳቤ ስህተት አለው በላቸው።»

ጮክ ብሎ ሳቀ። ሳቁ የአህያ ነው። ይህን ሳቅ ዕድሜ ልኳን የምትሰማው እሷ ናት፤ የራሷ ጉዳይ።

ሰኞ፣ መጋቢት 9

ታናሼ ሥራ ስትሄድ ትልቁን ሻንጣ በቀኝ እጄ ከአልጋው ሥር ጎትቼ አወጣሁት። ባዶ ነው፤ ጎማ አለው። ጡረተኛውን በሩን አንኳኩቼ «ይህን ያውርዱልኝ፤ እኔ ራሴን አወርዳለሁ» አልኩት። እሱ ከፊት፣ እኔ ብረቱን ይዤ ከኋላ። በየፎቁ ቆምኩ። ጥያቄ አልጠየቀኝም፤ ስለዚህ የነገ ሰላምታ አተረፈ።

ቦርሳ ሰፊው ከድልድዩ ማዶ ነው ያለው። ሰው ሁሉ በአምስት ደቂቃ የሚደርስበት ነው፤ እኔ ሦስት ጊዜ ሻንጣው ላይ ተቀመጥኩ። ጭኔ ይንቀጠቀጣል። ዳሌዬ አመመኝ፤ ፈራሁ፤ ቢሆንም ከመንገዱ መሃል ወዴትም መመለስ አይቻልም፣ ሁለቱም ጎን እኩል ነው። መንገደኛ ይገፈትረኛል፣ አንዷ ልጅ «ማዘር ይለፉ» ትለኛለች። ማዘር ይበልሽና! ድልድዩ ላይ ስደርስ አልተቀመጥኩም። እዚያስ አልቀመጥም።

ሰፊው ዚፑን ወዲያና ወዲህ ሳበ።

«መንገደኛ ነዎት?»

«እህቴ ናት።»

«ለጊዜው ከሆነ በዘይት አሽቼ ላስኪደው። ቶሎ ትመለሳለች?»

እዚያ ቆሜ፣ ብቻዬን ልኖር የምችልባቸውን ዓመታት ሁሉ በአንዴ አየኋቸው፤ አስፈሩኝ።

«አትመለስም» አልኩት። «አዲስ ዚፕ አስገባና አጥብቀህ ስፋው።»